የአጋዘን ኅዳር፦ ከመራቢያው ሰዓት እስከ አደኑ ቀን

በየዓመቱ በተመሳሳይ ሳምንታት አጋዘኖች ከጫካ ወጥተው አስፋልት ያቋርጣሉ፤ አዳኞችም ወደ ጫካ ይገባሉ። ሁለቱንም የሚመራው አንድ ቀን መቁጠሪያ ነው። ይህን ቀን መቁጠሪያ ማወቅ ለአዳኙ ብቻ ሳይሆን መኪና ለሚነዳ ቤተሰብም ይጠቅማል።

ኅዳር ሲገባ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የሚኖር ዘመድዎ ደውሎ «አጋዘን ገጨሁ» ቢልዎ አይገረሙ። በአሜሪካ አጋዘንና መኪና ከሌላው ጊዜ ሁሉ በላይ የሚጋጩት በኖቬምበር ወር ነው። በመላ አገሪቱ በዓመት የሚደርሰው ግጭት ከ1 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይገምታሉ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በአሌክሳንድሪያ፣ በፌርፋክስና በሲልቨር ስፕሪንግ ዙሪያ ደግሞ አጋዘን የሩቅ ጫካ እንስሳ አይደለም። ጓሮ ገብቶ አበባ የሚበላ ጎረቤት ነው።

በዚያው ወር ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ጫካ ዳር መኪናቸውን አቁመው ሲወርዱ ይታያል። አዳኞች ናቸው። አጋዘኑ መንገድ ላይ የሚበዛበትና አዳኙ ወደ ጫካ የሚሄድበት ወቅት የገጠመው እንዲያው በአጋጣሚ ይመስልዎታል? አይደለም። የሁለቱም መነሻ ከስድስት ወር በኋላ የሚበቅለው ለምለም ሣር ነው። እንዴት? አብረን እንየው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ

እኛ «አጋዘን» የምንለው የአገራችን እንስሳና አሜሪካ መንገድ ላይ የሚዘለው እንስሳ አንድ አይደሉም። ባሌ ተራሮች ላይ የሚኖረውና በአሥር ሳንቲማችን ላይ ምስሉ የምናውቀው የደጋ አጋዘን ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። የአሜሪካውና የአውሮፓው አጋዘን ግን ቅርንጫፍ ያለው ቀንድ በየዓመቱ ያበቅላል፤ በየዓመቱም ይጥላል። ይህ ዘር ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የለም። በአህጉራችን የሚገኘው በአልጄሪያና በቱኒዚያ ድንበር አካባቢ ብቻ ነው። በቋንቋችን ስሙ ተለምዷልና በዚህ ጽሑፍም አጋዘን እያልን እንቀጥላለን። ዋናው የምናወራው ስለ አሜሪካው ነጭ ጅራት አጋዘን ነው።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው

አንድ ነጋዴ ለፋሲካ ገበያ ዕቃ ማድረስ ቢፈልግ ከፋሲካ ወደ ኋላ ቆጥሮ ትዕዛዙን አስቀድሞ ይሰጣል። ተፈጥሮም ለአጋዘን ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ሴቷ አጋዘን ወልዳ የምታጠባበት ጊዜ በሕይወቷ ከፍተኛውን ምግብ የምትፈልግበት ጊዜ ነው። ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር ይህ ምግብ የሚገኘው በፀደይ መጨረሻና በበጋ መግቢያ፣ ማለትም በሜይ መጨረሻና በጁን ነው። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መሆኑ ነው። ቀድሞ የተወለደ ግልገል በብርድ ይሞታል። ዘግይቶ የተወለደ ደግሞ ሳይጠነክርና ስብ ሳያከማች ቀጣዩ ክረምት ይደርስበታል። ስለዚህ ለመወለድ የሚመቹት ሳምንታት ጥቂት ናቸው።

የነጭ ጅራቷ አጋዘን እርግዝና 200 ቀን ገደማ ይቆያል። ከጁን መጀመሪያ 200 ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። የሚደርሱት ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው። በቨርጂኒያና በአካባቢዋ የአጋዘን ስሪያ የሚጋጋለውም በዚሁ ጊዜ፣ ከኅዳር ሚካኤል በፊት ባለው ሳምንት አካባቢ ነው።

ይህ አጋጣሚ እንዳልሆነ የአውሮፓ ዘመዶቹ ይመሰክራሉ። የስኮትላንዱ ቀይ አጋዘን ትልቅ ስለሆነ እርግዝናው ወደ ስምንት ወር ይጠጋል። ስለዚህ ስሪያው ቀድሞ በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር ይሆናል። ሮ የሚባለው ትንሹ የአውሮፓ አጋዘን ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። የሚሰረረው በጁላይና በኦገስት ሙቀት ነው። ነገር ግን ጽንሱ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ወይም እስከ ጃንዋሪ ድረስ ከማኅፀን ግድግዳ ጋር ሳይጣበቅ፣ እድገቱ ተገትቶ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ነው በፍጥነት የሚያድገው። ሦስቱ እንስሳት የሚገናኙት በሦስት የተለያየ ወቅት ነው። የሚወልዱት ግን ሦስቱም በሜይና በጁን ነው።

ሰዓቱን የሚሞላው ማን ነው?

አጋዘን ሣሩ መቼ እንደሚበቅል ከስድስት ወር በፊት በምን ያውቃል? ብዙ ሰው ብርዱን ያስባል። ብርድ ግን አታላይ ነው፤ አንድ ዓመት ቀድሞ ይመጣል፣ ሌላ ዓመት ይዘገያል። የማይዋሸው የቀኑ ርዝመት ነው።

ቀኑ እያጠረ ሌሊቱ ሲረዝም በእንስሳው አንጎል ውስጥ ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ለረጅም ሰዓት ይመነጫል። ይህ ምልክት የመራቢያ ሆርሞኖችን ያነቃቃል። በወንዱ ላይ ለውጡ በዓይን ይታያል። በበጋ ሙሉ እንደ ከፋይ በለሰለሰ ቆዳ ተሸፍኖ ሲያድግ የነበረው ቀንድ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይጠነክራል። ወንዱ ከዛፍ ጋር እያሻሸ ቆዳውን ይገፋል፤ አንገቱም ይወፍራል። ስሪያው ካለፈ በኋላ ሆርሞኑ ሲቀንስ ቀንዱ በክረምቱ ይረግፋል።

ለብርሃኑ ኃይል ጥሩ ማስረጃ የምትሆነን ኒውዚላንድ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከብሪታንያ ቀይ አጋዘኖች በመርከብ ወደዚያ ተወስደው ነበር። በደቡቡ ንፍቀ ዓለም ወቅቶች የተገላቢጦሽ ናቸው። አጋዘኖቹም ሰዓታቸውን ገለበጡ። ዛሬ ኒውዚላንድ ውስጥ ወንዱ የሚያገሳው በማርችና በኤፕሪል ነው፤ እዚያ ቀኑ እያጠረ የሚሄደው ያኔ ነውና።

ብርሃን ግን ብቻውን አይወስንም፤ ዘርም የራሱ ድርሻ አለው። የአላባማ ግዛት አጋዘኖቿ አልቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከተለያዩ ቦታዎች እያመጣች ተክታለች። አብዛኞቹ የአላባማ አጋዘኖች የሚሰረሩት በጃንዋሪ ነው። ከሚሺጋን የመጡት የተለቀቁበት የባንክሄድ ጫካ መንጋ ግን እስከ ዛሬ ሰሜናዊውን ሰዓት ይዞ በኖቬምበር ይሰረራል። ክረምቱ በማይከብድበት በፍሎሪዳ ደግሞ ወቅቱ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ በደቡቡ ጫፍ በጁላይና በኦገስት፣ በሰሜን ምዕራቡ እስከ ፌብሩዋሪ። ቅጣቱ ቀላል በሆነበት ቦታ ሰዓቱም ይላላል ማለት ነው።

ብዙ አዳኞች ወቅቱን የምትወስነው ጨረቃ ናት ብለው ያምናሉ። ባለሙያዎች ግን የሚፈትሹበት ቀላል መንገድ አላቸው። በመኪና ተገጭታ ወይም ታድና የሞተች አጋዘን ሆዷ ውስጥ ያለውን ጽንስ ርዝመት ይለኩና ወደ ኋላ ቆጥረው የተፀነሰበትን ቀን ያገኛሉ። በዚህ መንገድ ለብዙ ዓመታት የተሰበሰበው መረጃ የሚያሳየው በአንድ ቦታ ያለ መንጋ፣ ጨረቃ ሙሉም ሆነች ጎደሎ፣ በየዓመቱ በተመሳሳይ ሳምንታት እንደሚፀንስ ነው።

በኅዳር ጫካ ውስጥ ምን ይሆናል?

ሴቷ ለስሪያ ዝግጁ የምትሆነው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ካልፀነሰች ከ28 ቀን ገደማ በኋላ ትመለስበታለች። ወንዱ ይህችን አጭር ጊዜ እንዳያመልጠው ቀን ከሌት ይሮጣል። ምግብ ይረሳል፣ እረፍት ይረሳል። በዓመቱ ሌላ ጊዜ የማይሻገረውን መንገድ ይሻገራል። በእነዚህ ሳምንታት ከክብደቱ አምስተኛውን ወይም አራተኛውን ያህል ሊያጣ ይችላል።

ሴቷም እየተባረረች ነው። ያለፈው ሰኔ ግልገሎቿ ከእናታቸው ተለይተው ግራ የሚጋቡትም በዚሁ ሰሞን ነው። መንገዱ ላይ የሚዘለው ሁልጊዜ ባለ ቀንዱ ወንድ ነው ብለው አያስቡ።

በዚህ ላይ የሰው ሰዓት ይጨመራል። በአሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓት አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ትናንት በብርሃን ከሥራ ሲመለስ የነበረ ሰው ዛሬ በጨለማ ይነዳል። አጋዘን ደግሞ ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው ሲነጋጋና ሲመሽ ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት ሰዓቱ በተቀየረ ማግስት ባለው ሳምንት የአጋዘንና የመኪና ግጭት በ16 በመቶ እንደሚጨምር አሳይተዋል። አጋዘኑ ሰዓቱን አልቀየረም፤ የቀየርነው እኛ ነን።

የአደኑ ቀን እንዴት ይቆረጣል?

በአሜሪካ አጋዘን ዛሬ በዝቶ ቢታይም በ1900 አካባቢ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ሥጋውና ቆዳው ያለ ገደብ ገበያ ይወጣ ስለነበር በመላ አገሪቱ የቀሩት ወደ ግማሽ ሚሊዮን ወይም ከዚያ በታች እንደነበሩ ይገመታል። በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ ያለ አግባብ የታደነ እንስሳ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይነገድ ከለከለ። በ1937 የወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ ደግሞ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል አደረገ። ግዛቶችም የአደን ወቅት ወሰኑ። ዛሬ ቁጥሩ 30 ሚሊዮን ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል።

ወቅቱን የሚወስኑ ባለሙያዎች የሚያዩት የመጀመሪያው ነገር ግልገሉን ነው። ሰኔ ላይ የተወለደ ግልገል በመጸው እናቱ ብትሞት እንኳ ራሱን ችሎ ሊኖር ይችላል። በሐምሌ ብትሞት ግን አብሯት ይሞታል። ለዚህ ነው በፀደይና በበጋ አደን የሚዘጋው። የእንግሊዝ ሕግ ይህን በግልጽ ያሳያል። እዚያ የሮ አጋዘን ወንዱ ከኤፕሪል 1 እስከ ኦክቶበር 31 ይታደናል፤ ሴቷ ግን ልጇን ካሳደገች በኋላ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ብቻ።

ሁለተኛው ጥያቄ አደኑ ከስሪያው በፊት ይሁን፣ በመሃል ወይስ በኋላ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ግዛቶቹ ይለያያሉ። ሚሺጋን የጠመንጃ አደንን በየዓመቱ ኖቬምበር 15 ትከፍታለች፤ ስሪያው በተጋጋለበት ማለት ነው። ወንዱ ጥንቃቄውን የሚረሳበት ጊዜ ስለሆነ ለአዳኙ ምቹ ነው። ሜሪላንድ ግን የምትከፍተው ከምስጋና ቀን በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። ያኔ አብዛኞቹ ሴቶች ፀንሰዋል። ቨርጂኒያ በቀስት የሚደረገውን አደን በኦክቶበር፣ የጠመንጃውን በኖቬምበር አጋማሽ ታስጀምራለች። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት የሰሜን ቨርጂኒያ አውራጃዎች ግን አጋዘን ስለበዛ ወቅቱ ከሌላው በጣም ይረዝማል።

የሰው ኑሮም በውሳኔው ውስጥ አለ። ፔንሲልቫኒያ ለአሥርተ ዓመታት የጠመንጃ አደንን የምትከፍተው ከምስጋና ቀን በኋላ ባለው ሰኞ ነበር። በ2019 ወደ ቅዳሜ አዛወረችው፤ ሠራተኛውና ተማሪው ፈቃድ ሳይጠይቅ መሄድ እንዲችል።

ሦስተኛውና ዋናው ጥያቄ ማን ይታደን የሚለው ነው። አንድ ወንድ ከአንድ በላይ ሴት ሊያስረግዝ ስለሚችል ጥቂት ወንዶች ቢታደኑ የሚቀጥለው ዓመት ውልደት አይቀንስም። ቁጥሩን የሚወስኑት ሴቶቹ ናቸው። ምግብ ያገኘች ጎልማሳ ሴት ብዙውን ጊዜ መንታ ትወልዳለች። ተኩላውና ሌላው አዳኝ አውሬ በጠፋበት አካባቢ መንጋው በጥቂት ዓመት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የጫካው ችግኝ ይበላል፣ የገበሬው ሰብል ይበላል፣ ግጭቱም ይጨምራል። አዳኝ ቀንዱን ስለሚወድ ባለሥልጣናት ሴቶቹን እንዲያድን የሚያበረታቱ ልዩ ቀናትና ፈቃዶች የሚያወጡት ለዚህ ነው።

ይህ ያለ ክርክር የሚያልፍ ነገር አይደለም። ስኮትላንድ ደን መልሶ እንዳይበቅል አጋዘን እንቅፋት ሆነ በሚል በኦክቶበር 2023 ወንድ አጋዘን የማይታደንበትን ወቅት ጨርሶ አንስታለች። ከዚያ በፊት የቀይ አጋዘን ወንድ የሚታደነው ከጁላይ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ ነበር። በስሪያ የደከመ እንስሳ በክረምት መሃል ሊታደን ነው ብለው የተቃወሙ ብዙ ናቸው። የሴቶቹ ክልከላ ግን በዚያ ውሳኔ አልተነካም። ሁለቱም ወገን የተስማማበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ግልገል የምታጠባ እናት መነካት እንደሌለባት ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ

ለምድር ወገብ በቀረበችው አገራችን የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። እዚህ ልዩነት የሚያመጣው ዝናብ ነው። በሰሜን ተራሮች የዋልያ ግልገሎች አብዛኛዎቹ የሚወለዱት ክረምቱ አልፎ ተራራው ሲለመልም ነው። ብልሃቱ ያው ነው፤ እናት የምታጠባው ሣር ባለበት ጊዜ። ባሌ ተራሮች በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሲመዘገብ አብሮ የተከበረው የደጋ አጋዘንም በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ስለዚህ «መቼ ይታደናል?» ከሚለው በፊት «ስንት ቀርቷል?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ለቤተሰብዎ የሚጠቅሙ ነጥቦች

አጋዘን ባለበት አገር የምትኖሩ አንባቢዎች ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ እነዚህን ቤት ውስጥ ተነጋገሩባቸው።

• ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲመሽና ሲነጋጋ ፍጥነት ይቀንሱ። በተለይ ሌሊት ታክሲ ወይም የዕቃ መኪና የሚነዳ ቤተሰብ ካለዎት ያስታውሱት። ከፊት መኪና ከሌለ ረጅሙን መብራት ይጠቀሙ።

• አንድ አጋዘን ከተሻገረ መንገዱ ነፃ ሆነ ብለው አይፍጠኑ። ከኋላዋ ሌላ ይከተላል።

• ድንገት ከገባብዎ ፍሬን ይያዙ፤ መሪ ግን አይጠምዝዙ። ብዙ ከባድ ጉዳት የሚደርሰው አጋዘኑን ለማዳን ሲሉ ዛፍ ወይም ከፊት የሚመጣ መኪና በመግጨት ነው። ቀበቶ ለሁሉም ተሳፋሪ፣ ከኋላ ለተቀመጡትም ጭምር።

• የኢንሹራንስ ውልዎን ይመልከቱ። በአሜሪካ አጋዘን መግጨት ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው ኮምፕሪሄንሲቭ በሚባለው ሽፋን ነው። መሪ ጠምዝዘው ዛፍ ከገጩ ግን በኮሊዥን ሽፋን ስር ይገባል። ሦስተኛ ወገን ብቻ ያለው ሰው ሁለቱም የሉትም።

• የተገጨ አጋዘን ሞቶ ቢመስልም አይጠጉት። መኪናውን ዳር አቁመው፣ የአደጋ መብራት አብርተው ፖሊስ ይጥሩ።

• በአደን ወቅት ልጆችዎን ይዘው ጫካ ለመንሸራሸር ከወጡ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ያልብሷቸው። ውሻዎንም በገመድ ይያዙ።

• በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ሣር ውስጥ ብቻውን የተኛ ነጠብጣብ ግልገል ካዩ አይንኩት። እናቱ አልጣለችውም። ሽታዋ አውሬ እንዳይስብበት ሆን ብላ ርቃ ትቆያለች፤ በቀን ጥቂት ጊዜ መጥታ ታጠባዋለች። «አዝኜለት» ብሎ ወደ ቤት የወሰደ ሰው ከእናቱ ይለየዋል። ጓሮዎን በማሽን ከማጨድዎ በፊትም ሣሩን ዞር ዞር ብለው ይዩ።

• አጋዘን አይመግቡ። ለልጆች ደስ ቢልም እንስሳውን ወደ መንገድ ያስጠጋዋል፣ በሽታም ያዛምታል። በቨርጂኒያ በአደን ወቅት መመገብ በሕግ የተከለከለ ነው።

• ማደን የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ማውጣትና አብዛኛውን ጊዜም የደኅንነት ኮርስ መውሰድ አለበት። ቀኖቹ ከአውራጃ አውራጃ፣ ከዓመት ዓመት ስለሚለያዩ ግዛቱ የሚያወጣውን የዓመቱን መመሪያ ማንበብ ግድ ነው። ጓደኛ የነገረዎት ቀን ያለፈው ዓመት ሊሆን ይችላል።

አጋዘን የትራፊክ ምልክት አያነብም። የሚያነበው የቀኑን ማጠር ብቻ ነው። እንግዲህ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ለዘመድዎ ይደውሉና «ቀስ ብለህ ንዳ፣ የአጋዘን ሰሞን ገብቷል» ይበሉት።